የጣውንቷ መቀመጫ

ኢርሜላ ባንትሌ ጣውንት ነበረባት። ጣውንቷ ሰው አይደለችም እንጂ ከሰው አታንስም። ነጭ ናት፣ ቀጭን ናት፣ ክንፎቿን ስትዘረጋ ከእነ ኢርሜላ ቤት ትሰፋለች፤ ሞተር የላትም፣ የምትይዘውም አንድ ሰው ብቻ ነው። ባሏ ፎልክማር በረዶ በወረደ ቁጥር ምድር ቤት እየገባ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሲያጣብቅና ሲሞርድ ኖሮ በገዛ እጁ የሠራት አውሮፕላን ናት። ተሠርታ ካለቀች በኋላም ቢሆን በየዓመቱ አንድ የሚጠገን ነገር አያጣላትም ነበር። ኢርሜላ ላይ ቤት ምስር ስፔትስሌ ከሚሉት የእንቁላል ፓስታ ጋር ሠርታ በደረጃው ትጣራለች። «መጣሁ!» ይላታል ከታች። አይመጣም። ምስሩ ይቀዘቅዛል፤ እሷም ብቻዋን ትበላለች፤ የሙጫው ሽታ በወለሉ ስንጥቅ እየወጣ የምትጎርሰውን ሁሉ ሙጫ ሙጫ ያሰኘዋል።

የመንደር አፍ መቼም አይከደንም። ዳቦ ቤት ተሰልፋ ያገኛት ሁሉ «ኢርሜላ፣ ጣውንትሽ እንዴት አደረች?» ይላታል። «ከእኔ በላይ ተመችቷት» ብላ ትስቃለች። ሳቁ ከጥርስ አያልፍም ነበር።

ደግሞ እኮ መብረር የማታውቅ ሴት አይደለችም። ሹራብ ፋብሪካ ስትሠራ፣ ገና በሃያ ሦስት ዓመቷ፣ በመንደሩ የበረራ ክበብ አውሮፕላን ብቻዋን ወጥታ ብቻዋን አርፋለች። በእነሱ ዘንድ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን በርሮ ሲመለስ የክበቡ ሰዎች ተሰልፈው በየተራ መቀመጫውን በጥፊ ይሉታል። አየሩ ሲያነሣና ሲጥል መቀመጫ ቀድሞ እንዲሰማው ነው ይላሉ፤ እኔን ከጠየቃችሁ ግን ሰው መምታት ስለሚወዱ ነው። ከዚያ የኮሸሽላ እቅፍ ያሸክሙታል፣ ከነእሾሁ። ያን ቀን ኮሸሽላውን እንዲያመጣ የተላከው ፎልክማር ነበር፤ እሾሁን በቢላ ልጦ ሰጣት። በዚያው ተጋቡ።

ልጅ አልሰጣቸውም። ሁለቱም እየበረሩ፣ ግን ለየብቻ፣ አረጁ። በፎልክማር አውሮፕላን ውስጥ እሷ አንድም ቀን ተቀምጣ አታውቅም። እሱ ግቢ አላላትም፣ እሷም ልግባ አላለችም። እልህ ነው፤ እልህ ደግሞ ሲሰነብት ልማድ ይሆናል።

ፎልክማር በመጋቢት ደጃፉ ላይ በረዶ ሲዝቅ ወደቀ፤ አልተነሣም። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ጭር አለ። ምስሩን አሁንም ለሁለት ሰው ትሠራለች፣ ግማሹን ትደፋዋለች። አሁን ሙጫ ሙጫ አይልም። ያን ሁሉ ዘመን ስትረግመው የኖረችው ሽታ ናፈቃት ቢባል ማን ያምናል? ናፈቃት እንጂ። አንዳንድ ማታ ምድር ቤት ወርዳ ባዶውን ጠረጴዛ ስታሸት ራሷን ታገኘዋለች።

ለአውሮፕላኗ አልጎይ ከሚባል አውራጃ ገዢ ተገኘ። ቅዳሜ ተሳቢውን ይዞ መጥቶ ሊወስዳት ተስማሙ። ኢርሜላ እፎይ የምትል መስሏት ነበር። በነጋታው ግን ተነሥታ በብስክሌቷ ወደ ሜዳው ወጣች።

ሜዳው ከመንደሩ በላይ አምባው ላይ ነው። በሥራ ቀን ከኦርትቪን በቀር ሰው አይገኝበትም። ኦርትቪን የክበቡ አስተማሪ ነው፤ ለኢርሜላም ለፎልክማርም መብረር ያስተማረ እሱ ነው። አሁን ጉልበቱ ስለከዳው አብዛኛውን ጊዜ ሣር ያጭዳል፣ ጎማ ይነፋል፣ ሰው ይሳደባል።

«ቅዳሜ ሊወስዳት ነው» አለችው። «ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ልበርባት።»

ኦርትቪን ጎማ እየነፋ ነበር፤ ቀና አላለም። «አይሆንም።»

«ለምን?»

«አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ የበረርሽው ባለ ፍሬን ነው። ይቺ ፍሬን የላትም። ለአንድ እግር የተሰፋች ጫማ ናት እሷ።»

«ታዲያ አስተምረኛ!»

«አንድ ሰው በሚይዝ ነገር ላይ እንዴት አድርጌ ነው የማስተምርሽ? ጭንሽ ላይ ልቀመጥ?»

«ጉልበትህ ከቻለ።»

ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወና መንፊያውን መሬት ላይ አኖረው። «እውነቱን ንገሪኝ፣ አንቺ ልጅ። ምን ፈልገሽ ነው?»

ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አንቺ ልጅ የሚላት ሰው ግን እሱ ብቻ ቀርቷል። ስለዚህ እውነቱን ነገረችው።

«እዚያ ውስጥ ያገኘውን ማወቅ እፈልጋለሁ። ከእኔ ጋር ያጣውን። ስንት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ እየሄደ እዚያ ውስጥ ሲገባ ምን ነበር የሚያየው? እሱ እንደሆነ አልነገረኝም። ቅዳሜ እሷ ከሄደች ደግሞ የሚነግረኝ የለም፤ ሳላውቀው እሞታለሁ።»

ኦርትቪን ሰው ሲያዝን ምን እንደሚባል አያውቅም፤ የሚያውቀው ማስተማር ነው። «በይ ግቢና ተቀመጪ» አላት፣ አውሮፕላኗ ወደቆመችበት የሃንጋሩ ጨለማ በአገጩ እያሳየ።

መቀመጫው በፎልክማር ጀርባ ልክ የተቀረጸ ነው፤ እሷ ገባችበትና ጠፋች። እግሯም መርገጫው ላይ አልደረሰም። ኦርትቪን ከቢሮው ሁለት ትራስ አምጥቶ ከኋላዋ ሸጎጠላትና ክንፉ ላይ ተደገፈ።

«ዓይንሽን ጨፍኚ። የለመድሽው የአየር ፍሬን ምን ያደርጋል?»

«እጀታውን ስስበው ከክንፉ ላይ ሳንቃ ብቅ ይላል። ሳንቃው አየሩን ይቆርጠዋል። እወርዳለሁ።»

«ሜዳው ሳይደርስ ዝቅ ካልሽስ?»

«ወደ ፊት እገፋዋለሁ። ሳንቃው ይገባል፣ እንደገና እንሳፈፋለሁ፣ እደርሳለሁ።»

«እንግዲህ እሱን እርሺው።» የግራ እጇን ይዞ ረጅሙ እጀታ ላይ አስቀመጠው። እጀታው ያለው በክበቡ አውሮፕላን ላይ ፍሬኑ ባለበት ቦታ ነው። «ይኼ ግን ፍላፕ ነው። ስትስቢው የክንፏ የኋላ ጠርዝ ራሱ እንደ ጠረጴዛ ታጣፊ ወደ ታች ይታጠፋል። ይጎትትሻል፣ ግን ደግሞ ይሸከምሻል። ቀስ ብለሽ መብረር ትችያለሽ፤ አፍንጫዋን ወደ መሬት ብትደፊው እንኳ አትሮጥብሽም። ግን ስሚኝ፤ ዝቅ አልኩ ብለሽ መልሰሽ የገፋሽው እንደሆነ፣ የተሸከመሽ ነገር ከሥርሽ ይነሣል። መንሳፈፍ የለም። ትወድቂያለሽ።»

«ገባኝ።»

«አልገባሽም። ጭንቅላትሽን ገብቶት ይሆናል፤ እጅሽ ግን አርባ ዓመት የለመደው ሌላ ነው። ፍሬን ማለት ብድር ነው፣ ወስደሽ ትመልሺዋለሽ። ፍላፕን ከሰጠሽ ሰጠሽ ነው፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ስለዚህ ከፍ ብለሽ ነይ። በጣም ከፍ ብለሽ፣ እስክታፍሪ ድረስ። ከዚያ ሙሉውን ስጪና አፍንጫዋን ድፊ።»

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ዓይኗን አስጨፍኖ ሲያስደጋግማት ዋለ። «ዝቅ አልሽ!» ይላል፤ እጇ ወደ ፊት ሽው ሊል ሲል በጣቱ ይመታዋል። ማታ ቤቷ ገብታ ዳቦ ስትቆርጥ እንኳ እጇ ላይ የእሱ ጣት ይሰማት ነበር። የሚመታት ሰው በማግኘቷ ደስ ብሏት አደረች፤ ብቸኝነት እዚህ ድረስ ያደርሳል።

ሐሙስ ጠዋት ሜዳው ላይ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሦስተኛው ኩኒበርት ነው፣ ድሮ ሥጋ ቤት የነበረው። ከሜዳው ወዲያኛው ጫፍ ዊንቹ ላይ ተቀምጧል፤ ረጅሙን ገመድ እየጠቀለለ አውሮፕላን ወደ ሰማይ የሚስበውን ሞተር የሚያዘው እሱ ነው። ኩኒበርት ቃል ይቆጥባል፣ ያችኑም በሬዲዮ ነው የሚናገራት። ኦርትቪን ገመዱን አውሮፕላኗ ሆድ ላይ ሰካ፣ የክንፏን ጫፍ ይዞ በዚያ በታመመ ጉልበቱ ጥቂት አብሯት ሮጠ፣ ከዚያ ምድር ከኢርሜላ ሥር ሄደ።

ላይ ገመዱን ስትለቀው ሁሉም ነገር ዝም አለ። የሚሰማው ነፋስ በመስታወቱ ዳር ሲያልፍ ብቻ ነው። ጣውንቷ ለስላሳ ናት፣ ይኼን ልትክድ አትችልም፤ መሪውን በሁለት ጣት ብትነካው ትሰማለች። ኢርሜላ እየዞረች ቁልቁል አየች። መንደሩ አለ። ቤተ ክርስቲያኑ አለ። የራሷ ቤት አለ፣ የማድ ቤቱ መስኮት እንደተዘጋ፣ ማንም የማይጠብቅበት ቤት። ከክበቡ አውሮፕላን ሆና ሺህ ጊዜ ያየችው ነው።

«ይኼ ነው?» አለች ጮክ ብላ። «ለዚህ ነው?»

የአሥራ አንድ ዓመቱን ምስር ሁሉ አስታወሰችና ዓይኗ ሞላ። ንዴት ነው ያስለቀሳት፤ ለቅሶው መሃል ደግሞ ከፍታዋ እያለቀ ነበር፤ አየር ሰውን አልቅሶ እስኪጨርስ አይጠብቅም።

ሜዳውን በጎን ይዛ ወረደች፣ ታጠፈች፣ እንደገና ታጥፋ ፊት ለፊት ያዘችው። ዓይኗ የለመደውን ከፍታ አየና በቂ ነው አላት። ለባለ ፍሬን በቂ ነበር። እጀታውን ሙሉ በሙሉ ሳበችው። አውሮፕላኗ ከኋላ ገመድ የያዛት ያህል ቀጥ አለች፣ ቀበቶው ትከሻዋ ላይ ተወጠረ፤ የሜዳው ጫፍም በመስታወቱ ላይ ሽቅብ ይርቃት ጀመር። ዝቅ ብላለች። ሜዳው አይደርስም። ጭንቅላቷ «አትንኪው» አለ፤ እጇ ግን ቀድሞ ገፍቶት ነበር።

ከሥሯ ያለው ነገር ተነሣ። ከፊቷ ያለው የእሾህ አጥር በአንዴ ቁመት አወጣ፣ መሬቱ መጣባት። መልሳ ሳበችው፤ ከአጥሩ ወዲህ፣ ከማረፊያው ሜዳ ውጪ ያለው የታጨደ ሣር ላይ ዱብ ብላ፣ ነጥራ፣ እየተንገጫገጨች ቆመች። ትራሱ አንገቷ ሥር ገብቷል። ሕይወት አለች። ጣውንቷም አለች።

ኦርትቪን አሮጌውን ትራክተር እያስጓራ ደረሰ። አልጮኸባትም፤ ያ ነው ያስፈራት። አውሮፕላኗን ዞረና የክንፏን ሥር በመዳፉ እየዳሰሰ፣ ጎማዋን እየነካ ቆየ።

«እዚህ የአምባው ጠርዝ ላይ ነፋሱ ይጥላል» አላት፣ ፊቷን ሳያይ። «ነፋስ ነው አይደል?»

ቀላል ነበር። አዎ ብትል ያበቃል።

«ነፋስ አይደለም» አለች። «ገፋሁት። እያወቅሁ ገፋሁት፣ ኦርትቪን። እጄን ብቆርጠው ደስ ባለኝ።»

አሁን ፊቷን አያት። «ነፋስ ነው ብትዪኝ ኖሮ ሃንጋሩን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ነበር የማደርገው። ፎልክማርም በመጀመሪያው ቀን ያረፈው እዚሁ ሣር ላይ ነው።»

«እኔን ነፋስ ነው ያለኝ!»

«እና ለሚስቱ ምን ይበል? አሥራ አንድ ዓመት ከነሣሽ በኋላ በመጀመሪያው ቀን ልሰብራት ነበር ይበልሽ?» ገመድ አውጥቶ አውሮፕላኗን ትራክተሩ ላይ ማሰር ጀመረ። «ከዚያ ወዲህ ነው እንደ ጳጳስ ከላይ ከላይ መምጣት የጀመረው። እኛ ጉራ መስሎን ስንስቅበት እሱ ፈርቶ ነው። በይ ያዢ ክንፏን፣ ቁርስሽን የበላሽ አትመስዪም።»

«እንደገና ልውጣ?»

«እጅሽ እንዲህ እንደተደናገጠ ካደረ መቼም አይማርም። አሁን ነው የምትወጪው።»

ሁለተኛው በረራ ላይ ምንም አልጠበቀችም። መንደሩንም ቤቷንም አላየችም፤ ስለ ፎልክማርም አላሰበችም። ሥራዋን ብቻ ሠራች። ሜዳውን በጎን ስትይዘው ከፍ ብላ ነው፣ ስትታጠፍም ከፍ ብላ ነው፤ ፊት ለፊት ስትመጣ ከፍታው አሳፈራት፣ ጀማሪ እንኳ እንዲህ አይመጣም። እዚህ ነው። እጀታውን እስከ መጨረሻው ሳበችና እጇን እዚያው አቆየችው። ከዚያ ዓመታት ሙሉ ያደረገችውን ሁሉ ተቃርና አፍንጫዋን ወደ መሬት ደፋችው።

በክበቡ አውሮፕላን ስትወርድ አፍንጫው ይጋርዳታል፤ የምታየው ሩቁን የሜዳ ጫፍና ሰማይ ነው። እዚህ ግን ሰማዩ ሁሉ ወደ ላይ ሄደና መስታወቱን መሬት ሞላው። መሮጥ አልጀመረችም፤ ነፋሱ ድምፁን አልጨመረም። ከደረጃ ላይ ቀስ ብሎ እንደሚወርድ ሰው ቁልቁል ትወርዳለች፣ ቀጥ ብላ ወደ አንድ ቦታ። ጊዜ አላት። በጣም ብዙ ጊዜ።

በመስታወቱ ልክ መሃል ለመሃል፣ ከማረፊያው ዳር አግዳሚ ወንበር አለ። ኦርትቪን ተቀምጦበታል፣ የታመመ እግሩን ዘርግቶ። የተቀቀለ እንቁላል እየላጠ ነው። ቅርፊቱን ጉልበቱ ላይ ሲያኖር ታየዋለች። ራሰ በራው ሲያበራ ታየዋለች። ሌላ የሚታይ ነገር የለም፤ ይቺ አውሮፕላን ስትወርድ የምታሳየው ያንን ወንበርና ወንበሩ ላይ ያለውን ሰው ብቻ ነው።

ያ ወንበር የእሷ ነው። ፎልክማር በሚበርበት ቅዳሜና እሑድ ሁሉ እዚያ ላይ የሚደረት ካልሲ ይዛ የምትቀመጠው እሷ ነበረች። ሰዉ «ፎልክማር መጣ፣ እዪው ከፍታውን!» ይላታል። እሷ «መሬት የት እንዳለ ያውቃል» ትላለች፣ ከካልሲው ላይ ቀና ሳትል። ሆን ብላ ነው። ጣውንቷን ቀና ብላ ላለማየት ምላ ነበር፤ መሐላዋንም ጠብቃለች፣ አንድም ቀን አላፈረሰችውም።

እጇ አልተንቀሳቀሰም። ኦርትቪን ድንገት ቀና ብሎ አያት፣ እንቁላሉን እንደያዘ፤ እሷ ከላይ ሆና ዓይኑን እስክታየው ድረስ ቀርባ ነበር። አፍንጫዋን ቀና አደረገች፣ ጎማው ሣሩን ነካ፣ ጥቂት ሮጠና ቆመ። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ማረፊያ አርፋ አታውቅም።

የመስታወቱን ክዳን አልከፈተችውም። ኦርትቪን እያነከሰ መጥቶ ራሱ ከፈተው።

«ፎልክማር ራሱ እንዲህ አላረፈም!» አለ እየሳቀ። ከዚያ ፊቷን አየና ሳቁን ዋጠው። «እህ? አገኘሽው? ምን ነበር የሚያየው?»

«እኔን» አለች።

አልገባውም። ወደ ወንበሩ ዞሮ አየ፣ ወደ ሰማይ አየ፣ እንደገና ወደ ወንበሩ። አስተማሪ ነውና ቀስ ብሎ ገባው።

«አናቴን» አለች ኢርሜላ። «ያን ሁሉ ዓመት እያየኝ ሲወርድ ያገኘው አናቴን ነው። አንድ ቀን እንኳ ቀና ብዬለት አላውቅም።» አላለቀሰችም። ማልቀሻው ሰዓት ያለፈ ይመስላት ነበር፤ እዚያ መቀመጫ ውስጥ በሁለት ትራስ ተደግፋ እጇን እጀታው ላይ እንዳኖረች ቀረች።

ኦርትቪን እንቁላሉን ምን እንደሚያደርገው አላወቀም። «እንግዲያው አትሽጫት» አላት በመጨረሻ። «ለሰውየው ደውዪለትና ተወው በዪው። ችለሻታል እኮ።»

«ትሂድ» አለች። «እኔ ስወርድ እዚያ ላይ ማን ይቀመጥልኛል?»

ኦርትቪን አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። ሬዲዮው ቀደመው፤ ኩኒበርት ነው ከሜዳው ወዲያኛው ጫፍ። «ሌላ አለ ወይስ ሞተሩን ላጥፋው?»

ኦርትቪን ወደ እሷ አየ። ኢርሜላ ሬዲዮውን ከእጁ ወሰደች።

«አጥፋው፣ ኩኒበርት» አለችው።